ምዕራፍ 6፦ ቀለም የጠጣ መኮሮኒ

ግማሽ ኪሎ መኮሮኒ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይጨመራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ከጥቂት ጠብታ የምግብ ቀለም ጋር ተበጥብጦ ይፈስስበታል። ክዳኑ ይገጠምና ቀለሙ ለሁሉም እስኪዳረስ ይናጣል፤ ከዚያ ሰፌድ ላይ ተበትኖ ይደርቃል። ሥራው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከምሳ በኋላ ቢጀመር፣ በማግሥቱ ልጅ እጁን የሚሰድበት፣ በኩባያ እየቀዳ የሚገለብጠው፣ በክር የሚሰካው፣ ቀዩን ከቢጫው የሚለይበት መጫወቻ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ጨዋታ የስሜት ሕዋሳት ጨዋታ ይባላል። ልጁ በዓይኑ፣ በጣቱና በጆሮው ይመረምራል፤ የታዘዘበት ሥራ፣ የሚታረምበት መልስ የለውም። ብዙ ወላጅ ከውጭ የመጣ ነገር አድርጎ ያየዋል። እኔ ተቃራኒውን ነው የምለው። መኮሮኒው በእርግጥ ከጣሊያኖች ጋር የመጣ ነው፤ አቼቶውም እንደዚያው። ቀለም ማስጠጣቱና በእህል እጅን ማሠልጠኑ ግን የሰሜን ሸዋ ሰው ሲያደርገው የኖረ ሥራ ነው። እንዲያውም መኮሮኒ ቀለም የሚይዝበትን ምክንያት ለማስረዳት ከደብረ ብርሃን የተሻለ መነሻ አላውቅም፤ ምክንያቱ ያለው በጉ ላይ ነውና።

አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቷት ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚወድቅባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ብርድ ሰውን ከበግ ጋር ያስተሳስራል። በመንዝ ሴቶች ሱፍ ይፈትላሉ፤ ወንዶች ባና ይሸምናሉ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ስምና ብርድ ልብስ አብረው ይነሣሉ።

ባና አብዛኛውን ጊዜ የሚሸመነው በጉ በለበሰው ቀለም ነው፦ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡናማ። ሱፉ ቀይ ወይም ሰማያዊ እንዲሆን ሲፈለግ ግን ቀለሙን በውኃ በጥብጦ መንከር ብቻውን አይበቃም፤ አሲድ ያስፈልጋል። ሱፍ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን አሲድ ሲያገኘው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያበዛል። ለሱፍ በሰፊው የሚያገለግሉት ቀለሞች ደግሞ ኔጌቲቭ ቻርጅ የተሸከሙ ናቸው። ሁለቱ ይሳሳባሉ፣ ይያያዛሉ፤ ጨርቁ ቢታጠብም ቀለሙ በቀላሉ አይለቅም። ጥጥ ፕሮቲን ስላልሆነ በዚህ መንገድ ቀለም አይይዝም፤ ለቀሚስ ጥለት የሚሆነው የጥጥ ክር ሌላ ዓይነት ቀለምና ሌላ ዘዴ ይጠይቃል።

አሁን ወደ መኮሮኒው እንምጣ። 100 ግራም ደረቅ መኮሮኒ ውስጥ ከ12 እስከ 13 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ፤ የቀረው በአብዛኛው ስታርች ነው። የተለመዱት የምግብ ቀለሞችም እንደ ሱፍ ቀለሞቹ ኔጌቲቭ ናቸው። በአንዲት ማንኪያ አቼቶ የሚሆነው እንግዲህ በሱፍ ላይ የሚሆነው ነው፤ በትንሹ፣ ያለ እሳት። በውኃ ብቻ የተነከረ መኮሮኒ ለዓይን ያው ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው ልጅ ላብ ባለው መዳፉ ሲያሸው ነው፤ ቀለሙ ላዩ ላይ ደርቆ የተቀመጠ እንጂ የተያያዘ ስላልሆነ ቶሎ እጁ ላይ ይቀራል።

መኮሮኒ በተለምዶ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው፤ በዚህ ስንዴ ደግሞ ኢትዮጵያ ተራ አገር አይደለችም። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ እየተዘዋወረ ዘር ሲሰበስብ ካስደነቁት ነገሮች አንዱ የዱረምና የዘመዶቹ ብዛትና ልዩ ልዩነት ነበር። ኢትዮጵያንም የዓለም ሰብሎች ከፈለቁባቸው ማዕከላት እንደ አንዷ ቆጠራት። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሞረትና ጅሩ በመረሬ አፈሩ ላይ በሚያበቅለው ስንዴ የታወቀ ወረዳ ነው። ከአገራችን ነባር ስንዴዎች መካከል ፍሬያቸው ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጥቁር የሆኑ አሉ፤ በውጭ ያሉ የስንዴ አዳቃዮች ለወይን ጠጅ ስንዴ መነሻ ያደረጉት በአብዛኛው የኢትዮጵያን ዘር ነው። ቀለሙ አንቶሳያኒን ይባላል። የሚገኘው ግን በፍሬው ልባስ ላይ ስለሆነ ወፍጮና ወንፊት ያስቀሩታል፤ ለመኮሮኒ የሚደርሰው የእህሉ ውስጥ ነው፤ እሱም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። መኮሮኒ ላይ ሰማያዊ ቀለም ሲጨመር ወደ አረንጓዴ የሚያደላው ከሥሩ ይህ ቢጫ ስላለ ነው። የጠለቀ ሰማያዊ የሚፈልግ ሰው ቀለሙን ከሌሎቹ እጥፍ አድርጎ መጨመር አለበት። ቀይ፣ ብርቱካንማና አረንጓዴ ግን በዚህ ቢጫ ላይ ያለ ችግር ይደምቃሉ።

በፋብሪካ ሊጡ በከፍተኛ ግፊት በብረት ቀዳዳ ውስጥ እየተገፋ ይወጣል። ቀዳዳው መሐል ላይ ዘንግ ካለ የሚወጣው ቱቦ ይሆናል፤ መኮሮኒን ለክር የሚመች ያደረገው ይህ ነው። ቀዳዳው የነሐስ ከሆነ የመኮሮኒው ገጽ ሻካራና ደብዛዛ ይሆናል፤ ቴፍሎን የተለበጠ ከሆነ ለስላሳና የሚያብለጨልጭ። ቀለም በደንብ የሚጠጣው ሻካራው ነው። ምርጫ ካለ፣ በፕላስቲኩ ውስጥ የሚያብለጨልጨውን ትታችሁ ዱቄት የነካው የሚመስለውን ውሰዱ።

ከዚያ ማድረቅ ይመጣል፤ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ድረስ ፋብሪካው በጥንቃቄ ያደርቀዋል። ላዩ ቀድሞ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ከሆነ ሁለቱ ይጓተቱና መኮሮኒው ይሰነጠቃል። ይህ ለእኛ ሥራ ዋና ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም እኛ ፋብሪካው ተጠንቅቆ ያደረቀውን መልሰን ማርጠባችን ነው። ስለዚህ ፈሳሹ ትንሽ ይሁን። ከተናጠ በኋላ ዕቃው ሥር የሚጠራቀም ፈሳሽ ካለ በዝቷል ማለት ነው፤ ቶሎ ማጥለል ይገባል። በፈሳሽ ውስጥ የቆየ መኮሮኒ ገጹ ይላላል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ይፈረካከሳል። መናጡ ራሱ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ አያልፍም፤ ይህንም ልጁ ራሱ ቢያደርገው እመርጣለሁ። ዕቃው ውስጥ ቀለም ከአንዱ መኮሮኒ ወደ ሌላው ሲዳረስ ማየት፣ የሚንኳኳውን ድምፅ መስማት፣ ክንዱ እስኪዝል መናጥ፣ ይህ ሁሉ መጫወቻው ከመድረቁ በፊት የሚጀመር ጨዋታ ነው። ብዙ ሰው ልጁ ተኝቶ ሳለ ሠርቶ ያለቀውን ብቻ ያቀርብለታል፤ ትልቁን ክፍል ነው ያስቀረበት።

ማድረቂያ ቦታ እንደ አገሩ ይለያያል። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐዩ ብርቱ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። በቀትር ፀሐይ የተሰጣ መኮሮኒ ላዩ ተቻኩሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ በተፈጥሮ ቀለም የተነከረ ከሆነ ደግሞ ይነጣል። ነፋስ የሚያገኘው ጥላ፣ ለምሳሌ የበረንዳ ጥግ፣ ይሻላል። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር ከፍታዋ ከደብረ ብርሃን ያነሰ ቢሆንም ነገሩ እዚያ ይከብዳል። ገደሉ አፋፍ ላይ ናትና ከቆላው የሚወጣው አየር ጉም ሆኖ ይተኛባታል፤ ጉም በዋለበት ቀን ሰፌዱ ቤት ውስጥ ምድጃው ካለበት ክፍል፣ ከእሳቱ ግን ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት። ቁልቁለቱን ወርዶ አልዩ አምባ ላይ ያው መኮሮኒ በጥቂት ሰዓት ይደርቃል። አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሲራራ ነጋዴ ጨውና የባሕር ማዶ ዕቃ ይዞ ወደ ደጋው የሚወጣባት ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ከደጋው በግ ቀለም ውጭ የሆነ ብዙ ቀለም፣ ዶቃውም ክሩም፣ ወደ ሸዋ ቤቶች የዘለቀው በእንዲህ ያለ መንገድ ነው። ወራቱን መምረጥ ለሚችል ሰው፣ በሐምሌና በነሐሴ አትጀምሩት እላለሁ፤ ከጥቅምት በኋላ አየሩ ራሱ ያግዛል።

የምግብ ቀለም በማይገኝበት ወይም በማይፈለግበት ቤት ጓዳው በቂ ነው። ይህ የምዕራፉ ክፍል ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፤ እያንዳንዱ ተክል የራሱ ጠባይ አለውና።

እርድ ቢጫ ይሰጣል፤ ግን የእርድ ቀለም በውኃ አይሟሟም። በውኃ ሲበጠበጥ ዱቄቱ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ መኮሮኒው ላይ ዝንጉርጉር ሆኖ ይደርቃል። አልኮል ግን ያሟሟዋል። ደብረ ብርሃን ደግሞ በአረቄዋ የታወቀች ከተማ ናት። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በሁለት የሾርባ ማንኪያ አረቄ ውስጥ ዘፍዝፎ ለአንድ ሰዓት ያህል መተው፣ ዝቃጩ ሲወርድ ከላይ የጠለለውን ቢጫ ፈሳሽ ብቻ ቀድቶ መኮሮኒው ላይ ማፍሰስ ነው። ዳግም አረቄ ከሆነ የበለጠ ይሠራል፣ ቶሎም ይደርቃል፤ አልኮሉ ስለሚተን መኮሮኒውን ከአቼቶ ያነሰ ነው የሚያላላው። ይህን የሚሠራው ግን አዋቂ ብቻ ነው። ከእሳት መራቅ አለበት፣ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋም ለልጅ አይሰጥም። በአረቄ ፈንታ ስፒሪቶ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ ሜታኖል ሊኖረው ይችላል፣ ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው። እርዱንም ቢሆን የተፈጨ ከመግዛት ሥሩን ገዝቶ ማስፈጨት ይመረጣል። ባንግላዴሽ ውስጥ ነጋዴዎች ቢጫው እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ውሁድ ይቀላቅሉ እንደነበር በጥናት ተረጋግጧል፤ የእርሳስ መርዝ በተለይ የልጅን አእምሮ ይጎዳል።

ቀይ ሥር ሮዝና ቀይ ይሰጣል። ይፈቀፈቃል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጨመቃል፣ ጥቂት አቼቶ ይጨመርበታል። ቀለሙ አሲድን አይጠላም፤ የሚጠላው እሳትና ፀሐይ ነው። ካፈሉት ወደ ቡናማ ይሄዳል። ጭማቂው ቀጭን ስለሆነ በአንድ ጊዜ ፈሳሹን ከማብዛት ሁለት ዙር መንከር ይሻላል፤ በአንዱና በሌላው መካከል ሙሉ በሙሉ ይድረቅ።

ጎመን ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የቅጠል አረንጓዴነት ከክሎሮፊል ነው፤ ክሎሮፊል መሐሉ ላይ ማግኒዚየም አለው፣ አሲድ ሲነካው ማግኒዚየሙን ያጣና ወደ ጠቆር ያለ የወይራ ቀለም ይለወጣል። ጎመን ክዳኑ ተከድኖ ረጅም ጊዜ ሲበስል የሚጠቁረው ከራሱ የሚወጣው አሲድ ስለማይተን ነው፤ ባለሙያ ሴቶች ድስቱን ከፍተው የሚቀቅሉት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አቼቶ ለጎመን አይሆንም። ቅጠሉን ወቅጦ በአረቄ መዘፍዘፍ ነው፤ ክሎሮፊልም እንደ እርድ በአልኮል ይሟሟል።

ከሁሉም የሚያስደስተው ቀይ ጥቅል ጎመን ነው። ውስጡ ያለው ያ በወይን ጠጁ ስንዴ ልባስ ላይ ያየነው የአንቶሳያኒን ቤተሰብ ነው። ተከትፎ በጥቂት ውኃ ሲቀቀል ወይን ጠጅ ውኃ ይወጣዋል። ይህን ውኃ ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ላይ ሎሚ ቢጨመቅ ሮዝ ይሆናል፤ በሌላው ላይ ቁንጥር ሶዳ ቢነሰነስ ሰማያዊ። አንድ ጎመን፣ ሁለት ቀለም። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ዓይኑ እያየ ሎሚውን ራሱ ቢጨምቅ፣ አሲድ የሚባለውን ነገር ስሙን ከመስማቱ ከዓመታት በፊት ጠባዩን ያውቀዋል።

የማይሆኑ ቀለሞችም አሉ፣ እዚህ ላይ መለሳለስ አልፈልግም። በሰሜን ሸዋ መሶብና ሙዳይ የሚሰፉ ሴቶች ስንደዶውን የሚነክሩበት ከገበያ የሚገዛው ዱቄት ቀለም ለስፌት እንጂ ለአፍ የተሠራ አይደለም። ደማቅ ነው፣ ርካሽ ነው፣ መኮሮኒም በደንብ ይይዘዋል፤ የሚያሳስተውም ይህ ነው። ልጅ ደግሞ የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። የግድግዳ ቀለም፣ የማኅተም ቀለም፣ የብዕር ቀለም ለዚህ ሥራ አይታሰቡም። እንሶስላም ተክል ስለሆነ ብቻ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ የሚታወቀው በእጅና በእግር ላይ ነው።

የዕድሜ ጉዳይም አለ። ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ደረቅ መኮሮኒ ሊያንቀው ይችላል፤ አይሰጠው። ለእርሱ የተቀቀለ ረጅም ፓስታ ይሻላል፤ ለስላሳ ነው፣ ቀለሙ በመቀቀያው ውኃ ላይ ይጨመራል። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው 90 ወይም 91 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ መቆየት አለበት። ትልልቆቹም ቢሆኑ አዋቂ አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ልጅ መኮሮኒ አፍንጫው ወይም ጆሮው ውስጥ ከከተተ በወረንጦ መጎርጎር ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

እጅ ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው ምንድን ነው? የጣት ጫፍ ከቆዳችን ሁሉ የመዳሰሻ ነርቭ እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አውራ ጣትና አመልካች ጣት ገጥመው ትንሽ ነገር ሲያነሡ የሚለማመዱት አያያዝ በኋላ እርሳስ የሚያዝበት ነው፤ የመንዝ ሴት ሱፏን በእንዝርት ስትፈትል ክሩን የምታስረዝምበትም ያው አያያዝ ነው። በአንድ እጅ መኮሮኒውን ይዞ በሌላው የጫማ ክር በቀዳዳው ማሳለፍ ሁለቱን እጆች ለአንድ ሥራ የተለያየ ድርሻ ይሰጣቸዋል። አፍሶ ወደ ጠባብ ጣሳ መገልበጥ ዓይንና እጅን ያስማማል። ዓይነ ስውር ልጅም ጠመዝማዛውን ከቱቦው በጣቱ ብቻ ይለያል፤ ቀለሙ ባይደርሰው ቅርጹና ድምፁ ይደርሱታል።

ይህን ሐሳብ ለመዋዕለ ሕፃናት መሠረት ያደረገው ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮበል ነው። በ1837 እ.ኤ.አ. ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ ለትንንሽ ልጆች ትምህርት ሲጀምር ለልጅ መጀመሪያ የሚሰጥ ብሎ የመረጠው ስድስት የሱፍ ኳሶችን ነበር፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቀለም። ሱፍና ቀለም! ደብረ ብርሃን ያለች መምህርት ለዚህ ምንም ከሩቅ ማስመጣት አያስፈልጋትም። ከእርሱ 70 ዓመት በኋላ፣ በ1907 እ.ኤ.አ.፣ ማሪያ ሞንቴሶሪ ሮም ውስጥ በድኾች ሰፈር የልጆች ቤቷን ስትከፍት የጣትንና የዓይንን ሥልጠና የትምህርቷ አምድ አደረገችው።

የእኛ ልጆች ግን ሁለቱንም አልጠበቁም። ምስር ለቀማ የሚባለውን አስቡት። እናት ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስሩን ታንገዋልላለች፤ ልጅ አጠገቧ ተቀምጦ ጠጠሩን፣ እንክርዳዱን፣ የተሰበረውን በጣቱ ይለቅማል። ቀለም መለየት፣ ቅርጽ መለየት፣ ትዕግሥት፣ ሁሉም እዚያ አለ፤ ከዚያም በላይ ለቤቱ የሚጠቅም እውነተኛ ሥራ ነው። ቅልቦሽ ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውሮ ሌላውን አፍሶ መቅለብን ያስተምራል። ዕቃ ዕቃ ጭቃ ያስቦካል። ዶሮ ሂድና ያዝ የተባለ የገጠር ልጅ ገብስማዋን ከወሰራዋ ለይቶ ነው የሚያመጣው። እየጠፋ ያለው ይህ ነው። ምስሩ ተለቅሞ ታሽጎ ይሸጣል፣ ግቢው ሲሚንቶ ለብሷል፣ ዶሮዋም ከሱቅ ትመጣለች። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ካመለከታቸው መንገዶች አንዱ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚከፈተው፣ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ኦ-ክፍል ነበር፤ ብዙ የገጠር ልጅም በዚህ በኩል ቀድሞ ወደ ክፍል ገብቷል። ክፍል መግባቱ መልካም ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን ፊደል ከመጮህ በቀር ለእጁ የሚሆን ነገር ከሌለ፣ ቤቱ ከነበረው ያነሰ ነው ያገኘው። መኮሮኒው የሚያስፈልገው ለዚህ ክፍተት ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፣ እቀበለዋለሁም። እህል ነው። ቁራሽ እንጀራ መሬት ሲወድቅ አንሥተን የምንስም ሰዎች ነን፤ እህል በእግር አይረገጥም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ደብረ ብርሃን ከየአቅጣጫው የተፈናቀለ ሰው መጠጊያ ሆነች፤ ከወለጋ ሸሽተው የመጡ ቤተሰቦችም ቻይና ካምፕ በሚባለው መጠለያ ኖረዋል። አንድ ፓኬት መኮሮኒ የአንድ ቤተሰብ እራት በሆነበት ከተማ መጫወቻ ነው ብሎ ማቅረብ ሊያሳፍር ይገባል፤ ካላሳፈረ ሰውዬው ጎረቤቱን አላየም። ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። በቤቱ ምግብ የሚያንስ ከሆነ መኮሮኒ አይነካም። የባሕር ዛፍ ፍሬ ደብረ ብርሃን ዙሪያ ሞልቷል፤ ጠጠር አለ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ አለ፣ በበጉ ቀለም የተጠቀለለ የሱፍ ክር አለ፤ ለጣት ሁሉም ያስተምራሉ። ምግብ በሚበቃበት ቤት ደግሞ ግማሽ ኪሎ ለአራት ቀለም ተከፍሎ፣ ክዳን ባለው ጣሳ ነቀዝ እንዳይገባው ተጠብቆ ዓመት ያገለግላል። ከፓኬቱ ሥር የሚቀረውን ስብርባሪ፣ ጊዜው ያለፈበትን መውሰድ ይበልጥ ተገቢ ነው። ልጁም የያዘው እህል እንደሆነ ይነገረው። ጨዋታው ሰሌን ላይ ይሁን፤ ሲያበቃ የተበተነውን አንድ በአንድ ለቅሞ ወደ ጣሳው ይመልስ። መልቀሙን ቅጣት አድርጋችሁ አታቅርቡት፤ ከጨዋታው ጣትን አብልጦ የሚያሠለጥነው እሱ ነው። በምግብ ቀለምና በአቼቶ የተነከረው ሲሰባበር ተዘፍዝፎ ለዶሮ ይሰጣል።

ልጁ አምስት ስድስት ዓመት ሲሆነው ያው ጣሳ ወደ ገበጣ ይሻገራል። ገበጣ በአገራችን አንድ ጨዋታ አይደለም፤ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ከመቶ በላይ ዓይነት መዝግበዋል፤ በሁለት ረድፍ የሚጫወት አለ፣ በሦስት ረድፍም አለ። ለጀማሪ ልጅ ሁለት ረድፍ ይበቃል፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፤ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ወይም መሬት ላይ የተማሰ ይሆናል። በየጉድጓዱ አራት አራት መኮሮኒ ይግባ። በተለመደው ገበጣ ጠጠሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከአንድ ጉድጓድ ታፍሶ የተዘራው የት የት እንደደረሰ ጨዋታው ካለፈ በኋላ አይታወቅም። እዚህ ግን ለልጁ ረድፍ ቀይ፣ ለእናቱ ረድፍ ቢጫ፣ ከልጁም ጉድጓዶች በአንዱ ብቻ አራት ሰማያዊ ማድረግ ይቻላል። ልጁ ሰማያዊዎቹን አፍሶ አንድ በአንድ ሲዘራ በአራት ጉድጓድ ውስጥ አንዳንድ ሰማያዊ ያያል፤ አራት ማለት ከዚህ እስከዚያ መድረስ እንደሆነ ዓይኑ ይነግረዋል። በሚቀጥለው ዙር ሰማያዊውን ሦስት አድርጉትና ከመዝራቱ በፊት የመጨረሻው የት እንደሚወድቅ በጣቱ እንዲያሳይ ጠይቁት።